«ለእሷ እንዳይነግሯት»፦ በሽተኛ ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። አልጋው ሥር አስታማሚ አለ። ኮሪደሩ ላይ ወንድም፣ አክስት፣ ጎረቤት ተሰልፏል። ይህ ጸጋ ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። የሚከፋኝ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል የታመመው ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ውጤቱን ከባለቤቱ መደበቅ

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። የባዮፕሲው (ከሰውነት የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤት ሲደርስ ታላቅ ልጅ ቀድሞ ይገባል። «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት፤ ተስፋ ትቆርጣለች።» እናት «ጨጓራ ነው» ትባላለች። ከዚያ ጥቁር አንበሳ ትሄድና የካንሰር ሕክምና ወረፋ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ሻሿን ስታስተካክል ፀጉሯ ማለቁ ይታያል። «እህቴ፣ ኬሞ ስንተኛሽ ነው?» ትላታለች። የጨጓራው ወሬ እዚያው ያበቃል።

እናት ግን ልጆቿ እንዳይጨነቁ ያላወቀች ትመስላለች። እነሱ ውጭ ያለቅሳሉ፣ እሷ ሌሊት። ልማዱ ከክፋት አልመጣም። እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የምናረዳው። ግን መርዶም ቢሆን በመጨረሻ ይነገራል። ያልተነገራት እናት ኑዛዜዋን፣ ንስሐዋን፣ ውጭ ያለ ልጇን ማስጠራቱን በጊዜ አታስብም። ደግሞስ ለምን እንደሚያስመልሳት ያልገባት ሰው መድኃኒቱን ብታቋርጥ ምን ይገርማል?

መፍትሔው ከምርመራው በፊት መጠየቅ ነው። «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ይነገር ወይስ ለልጅዎ?» «ለልጄ ንገሩት» ካለች ውሳኔው የእሷ ነው፤ ይከበር።

በእሷ ፈንታ መፈረም

ምጥ ላይ ያለች ሴት ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ይባላል። «ባሏ ይምጣና ይፈርም!» ባል ስልክ አያነሳም። የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ሰው ደጅ ደጁን ያያል። ሴትየዋ አዋቂ ናት፣ አእምሮዋም በቦታው ነው። ይነገራት፣ ራሷ ትፈርም። መጻፍ ካልቻለች ጣቷ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢ የማለት መብት ያላት ሴት እሺ ለማለት የባል ፊርማ የምትጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

መልሱን መንጠቅ

«አባባ፣ የት ነው የሚያምዎት?» ሲባል ልጅ ይመልሳል። ውጭ አገር ደግሞ ልጅ አስተርጓሚ ይሆንና ደስ የማይለውን ይዘላል። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ጠይቁ። ትንሽ ልጅ እናቱ የማሕፀን ካንሰር እንዳለባት እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ሳይጠይቁ ንብረት መሸጥ

አባትን ባንኮክ ወይም ሕንድ ለማሳከም ቤት ይሸጣል። እሱ የሚሰማው ቲኬቱ ሲቆረጥ ነው። ሐኪሙ ምን ያህል ተስፋ እንዳለ ይንገረው፤ ዋጋውንም ይወቅ። «ቤቱ ለልጆቼ ይቅር» የሚል አባት ተስፋ ቆርጦ ላይሆን ይችላል።

ቤተሰብን ጨርሶ ማስወጣት

ይህ ለሐኪሞች ነው። መድኃኒት ከውጭ የሚገዛውም፣ ምግብ የሚያመላልሰውም ያ ቤተሰብ ነው። «ማን ይግባ?» ብላችሁ በሽተኛውን ለብቻው ጠይቁ፤ የጠራውን አስገቡ። የኤችአይቪ ውጤት ሲሆን ደግሞ ያለ ፈቃዱ ለቤተሰብ አይነገር።

አንደበት እስኪዘጋ መጠበቅ

«ራሴን ብስት ማን ይወስንልኝ?» የሚል ሰው «አታሟርት!» ይባላል። ከዚያ ቀኑ ሲመጣ ወንድማማቾች ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ይጣላሉ፤ አንዱ ማሽኑ ይቀጥል፣ አንዱ ቤቷ እንውሰዳት ይላል። እናት ጤነኛ ሳለች ልጆቿ በተሰበሰቡበት የአንዱን ስም ትጥራ። ሆስፒታል ስትገባ ደግሞ ያንን ስምና ስልኩን ለሐኪሟ ነግራ ካርዷ ላይ ታስጽፍ።