ጋፒ ለምታረቡ፦ ውሃውን አሳድሩት

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤታችሁ ጋፒ ዓሣ ለምታረቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ከቧንቧው በቀጥታ ገንዳው ውስጥ መሙላት ያጓጓል። እባካችሁ አታድርጉት! ክሎሪኑ የዓሣዎቹን ስንጥብ ይጎዳል፤ ድንገተኛው ቅዝቃዜም ያሳምማቸዋል። ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት አሳድሩት፤ የክፍሉን ሙቀትም ይያዝ። በሳምንት ከገንዳው ሩቡን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ማሞቂያው 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ የኛ ሰፈር ሌሊት ብርዱ ቀላል አይደለም።

ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ በወር ገደማ ወዲያው የሚዋኙ ልጆች ትወልዳለች። ግን ራሷም ትበላቸዋለች! ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ተክል ካለ ብዙዎቹ ተደብቀው ይተርፋሉ። ሴቷን ብቻ ገዝታችሁ ብትወልድም አትገረሙ፤ የወንዱን ዘር ለወራት ታቆያለች።