ግሪን ላንተርን ሃል ጆርዳንን ከ1959 እስከ ዛሬ ሳይምታታ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ሃል ጆርዳን የሙከራ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። መንኮራኩሩ ምድር ላይ ተከስክሶ ሊሞት ሲያጣጥር ከነበረው፣ ከሌላ ፕላኔት ከመጣው ከኤቢን ሰር የኃይል ቀለበቱን ተቀበለ፤ ግሪን ላንተርን የሚባሉት የጠፈር ጠባቂዎች ጓድ አባልም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ጀስቲስ ሊግን ከመሠረቱት ጀግኖች አንዱ ነበር። ከዚያ ወደቀ፣ ሞተ፣ ተመለሰ። ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ ነው፤ ሙሉውን መንገድ ለሚከተል ሰው በዲሲ ኮሚክስ ውስጥ ይህን የሚተካከል ጥቂት ነው።

ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው "ግሪን ላንተርን ቁጥር 1" ብሎ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ይከፍታል፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። በዚህ ስም ቁጥር 1 የተባለ መጽሔት በ1941፣ በ1960፣ በ1990፣ በ2005፣ በ2011፣ በ2021 እና በ2023 ወጥቷል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የ1941ዱ ጭራሽ የሌላ ሰው፣ የአለን ስኮት ታሪክ ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ቁጥር ከዓመት ጋር ሲሆን ብቻ ነው የሚያገለግለው።

1. ደብተር ያዘጋጁ

አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ዓመት፣ የመጽሔቱ ስም፣ ቁጥር፣ ቀለበቱን ያደረገው ሰው። አራተኛው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ትርፍ ይመስላል። 1987 ላይ ሲደርሱ ግን ያለ እሱ መንቀሳቀስ አይቻልም።

ዓመቱን ሲጽፉ አንድ መለኪያ ይምረጡና በእሱ ይጽኑ። በድሮ መጽሔቶች ሽፋን ላይ የታተመው ወር መጽሔቱ ለሽያጭ ከወጣበት ቀን ሁለት ሦስት ወር በኋላ ያለ ወር ነው። ለምሳሌ የ2011ዱ ጀስቲስ ሊግ ቁጥር 1 ለሽያጭ የወጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲሆን ሽፋኑ ግን ጥቅምት ይላል። ግማሹን በሽፋን፣ ግማሹን በሽያጭ ቀን ከመዘገቡ በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚፈራረቁ ሁለት መጽሔቶች ቦታ ይለዋወጡብዎታል።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙትን "በታሪኩ ጊዜ ቅደም ተከተል" የተዘጋጁ ዝርዝሮች ይተዉአቸው። እነዚህ በ1989 የወጣውን ኤመራልድ ዶውን አንደኛ ያደርጉታል፣ የሃልን አጀማመር ስለሚተርክ። ያ ግን አጀማመሩን እንደገና የጻፈ ሥራ ነው፤ ሃልን ጠጥቶ ሲነዳ አደጋ ያደረሰ ሰው አድርጎ ያስተዋውቀዋል። ከእሱ የጀመረ አንባቢ የ1959ኙን ሃል ሲያገኝ ሌላ ሰው ይሆንበታል። ሁሉንም በታተመበት ዓመት ያንብቡ።

2. የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት በጥቂት ቁጥሮች ይለፉ

ሾውኬዝ 22 (1959)፣ ግሪን ላንተርን 1 (1960)፣ የሃል ዋና ጠላት ሲኔስትሮ የመጣበት 7 (1961)። ለቡድኑ ደግሞ ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ዘ ብሬቭ ኤንድ ዘ ቦልድ 28 (1960) እና አመሠራረቱ የተተረከበት ጀስቲስ ሊግ ኦፍ አሜሪካ 9 (1962)። ይበቃል።

ከዚህ ዘመን ሁለት ነገር በደብተሩ ጠርዝ ላይ ይያዙ፦ ቀለበቱ በየ24 ሰዓቱ መሞላት አለበት፣ ቢጫ ቀለም ባለው ነገር ላይም አይሠራም። ቢጫው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል።

3. ከ76 እስከ 89 ያሉትን አንድም ሳይዘሉ ያንብቡ

ከ1970 እስከ 1972 የወጡት እነዚህ ቁጥሮች የዴኒስ ኦኒል ጽሑፍና የኒል አዳምስ ሥዕል ናቸው። ቁጥር 76 ላይ ረጋ ይበሉ። አንድ ጥቁር ሽማግሌ ሃልን ያስቆመዋል። ሰማያዊ ቆዳ ላላቸው፣ በሩቅ ፕላኔት ብርቱካናማ ቆዳ ላላቸው፣ ሐምራዊ ቆዳ ላላቸው መሥራትህን አንብቤያለሁ፤ ለጥቁሮች ግን ምን አደረግህ ይለዋል። ሃል አንገቱን ደፍቶ መልስ ያጣል። ጠፈርን ሲዞር ለኖረ ጀግና ይህች አንዲት ገጽ ከብዙ የፕላኔት ጦርነት ትከብዳለች። ቁጥር 87 ላይ ጆን ስቱዋርት የሚመጣውም ከዚሁ መንፈስ ነው። በ2001 የተጀመረውን የጀስቲስ ሊግ ካርቱን አይቶ ግሪን ላንተርንን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።

ከ89 በኋላ መጽሔቱ እስከ 1976 ተቋርጧል። ክፍተት ካዩ የጠፋብዎት ቁጥር የለም።

4. የትኛው ታሪክ እንደሚሠራ በሊጉ መሥራቾች ይለዩ

በ1985 እና 1986 በ12 ቁጥር የወጣው ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ የዲሲን ዓለም ታሪክ እንደ አዲስ አስጀመረ። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ታሪክ የቀድሞውን ሁሉ ያስታውሳል ብለው ከጠበቁ ይደናገራሉ። ቀላሉ መለያ "ሊጉን እነማን መሠረቱት?" ብሎ መጠየቅ ነው።

በድሮው ሰባት ናቸው፦ ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ወንደር ዉመን፣ ፍላሽ፣ አኳማን፣ ማርሺያን ማንሀንተርና ሃል። ከክራይሲስ በኋላ አምስት ሆኑ፦ ሦስቱ ትልልቆቹ (ሱፐርማን፣ ባትማንና ወንደር ዉመን) ወጥተው ብላክ ካናሪ ገባች። ይህ በ1998 በጀመረው የ12 ቁጥር ታሪክ፣ ጄኤልኤ፦ ይር ዋን፣ በሰፊው ተተርኳል። በ2011 እንደገና ሰባት ሆኑ፣ በማርሺያን ማንሀንተር ቦታ ግን ሳይቦርግ አለ። ከሦስቱም የማይወጣው ሃል ነው፣ ከፍላሽና ከአኳማን ጋር። እጅዎ ላይ ያለው መጽሔት ስለ ምሥረታው አንድ ዓረፍተ ነገር ከጣለ ዘመኑን ወዲያው ያውቁታል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ መጽሔቱ ከ201 ጀምሮ ስሙን ወደ ግሪን ላንተርን ኮርፕስ ቀይሮ ቁጥሩን ግን ሳይቀይር በ1988 እስከ 224 ሄዷል። በድሮው ስም ፈልገው ካጡት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በ1987ቱ ጀስቲስ ሊግ ቀለበት ያደረገው ሃል ሳይሆን ጋይ ጋርድነር ነው፤ በ1997ቱ ጄኤልኤ ደግሞ ካይል ሬይነር። አራተኛው ዓምድ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ፊታቸውንም ይዩ፦ የካይል ጭምብል ሰፊና ሾጣጣ ነው፤ በ1990 በተጀመረው ተከታታይ ያለው ሃል ደግሞ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አለው። ሽበቱን ልብ ይበሉ።

5. ውድቀቱ (ከ1993 እስከ 1999)

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። አብዛኛው አንባቢ የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ኤመራልድ ትዋይላይት የሚባለው ታሪክ በ1990 ከተጀመረው ተከታታይ ቁጥር 48፣ 49 እና 50 (1994) ነው። ጥራዝ ከገዙ መጀመሪያ ማውጫውን ይዩ፤ ከ48 የሚጀምር ከሆነ መነሻው የለዎትም። መነሻው ሱፐርማን ቁጥር 80 (1993) ነው፤ የሃል ከተማ ኮስት ሲቲ ከነሰባት ሚሊዮን ነዋሪዋ የጠፋችው በዚያ ነው። ቀጥሎ ግሪን ላንተርን 46 ላይ ሃል ከተማዋን ካጠፉት አንዱ ከሆነው ከሞንጉል ጋር ይገጥማል። እነዚህን ሁለቱን ሳያነቡ 48 ላይ ከገቡ፣ ሰውዬው ያለ ምክንያት ያበደ ይመስላል። አንብበው ከገቡ ግን፣ በቀለበቱ ብርሃን የፈረሰችውን ከተማ መልሶ ሲሠራና ከሞቱት ወላጆቹ ጋር ሲነጋገር ያዩታል። የጓዱ አለቆች የሆኑት ጠባቂዎች ይህን አይተው ሊቀጡት ይጠሩታል። ወደ ፕላኔታቸው ወደ ኦኣ ሲበር ያገኛቸውን ባልደረቦቹን ቀለበት እየነጠቀ ጣቱ ላይ ይደረድራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ምክር አለ፦ በ2004 የጀመረውን ማብራሪያ (ክፍል 6 ላይ ያለውን ሪበርዝ) አስቀድመው አያንብቡ። ብዙ ዝርዝር "ግራ እንዳይገባችሁ" ብሎ ያስቀድመዋል። ማብራሪያውን ያወቀ ሰው 48ን ሲያነብ ሌላ ኃይል የተጫነበትን ሰው ያያል፣ ወዲያውም ይቅር ይለዋል። በ1994 የተጻፈው ግን ሐዘን የሰበረው ሰው ነው፤ የጓደኞቹ ድንጋጤና የካይል ፍርሃት ትርጉም የሚኖረው ያ ሲጸና ነው።

ቀጥሎ ዚሮ አወር (1994)። አምስት ቁጥር ነው፤ የተቆጠረው ግን ወደ ታች ነው፦ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። የስልክ መተግበሪያዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለሚደረድሩ መጨረሻውን አስቀድመው ያቀርቡታል። በእጅ ገልብጠው ያንብቡት። በመጨረሻው ቁጥር የሃል የቅርብ ጓደኛ ግሪን አሮው ቀስቱን ወደ እሱ ያነጣጥራል፤ ከ76 ጀምሮ አብረው አሜሪካን የዞሩት ሁለቱ ናቸውና ያቺ ገጽ ሳይዘጋጁ የምትታይ አይደለችም።

ወዲያው ከዚያ ቀጥሎ የዲሲ ተከታታዮች "ቁጥር 0" አወጡ። የግሪን ላንተርን 0 ቦታው ከ55 በኋላ፣ ከ56 በፊት ነው። መተግበሪያው ከ1990ው ቁጥር 1 በፊት ቢያስቀምጠውም አይከተሉት።

ከዚያ ፀሐይን መልሶ ለማቀጣጠል የሞተበትን ዘ ፋይናል ናይት (1996፣ አራት ቁጥር) ያንብቡ፤ ወዲያው የቀብሩን ሥነ ሥርዓት፣ ግሪን ላንተርን 81ን ያስከትሉ። የሊጉ ሰዎች ይቅር ልንለው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን በየልባቸው ይዘው የቆሙበት ነው። ብዙ ጥራዝ ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ አብረው ካልተነበቡ ግን ሞቱ ጎዶሎ ነው። ዴይ ኦቭ ጀጅመንት (1999፣ አምስት ቁጥር) የሃል መንፈስ ስፔክተር የሚባለው የበቀል ኃይል ማደሪያ የሆነበት ነው። ከ2001 እስከ 2003 የወጣው የስፔክተር ተከታታይ 27 ቁጥር አለው፤ ጊዜ ካጠረ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ።

6. መመለሱ

ግሪን ላንተርን፦ ሪበርዝ፣ ስድስት ቁጥር፣ ከ2004 እስከ 2005፣ በጄፍ ጆንስና በኢታን ቫን ሳይቨር። የቢጫው ድካም፣ የጆሮ ግንዱ ሽበት፣ የ1994ቱ ውድቀት ሦስቱም በአንድ ምክንያት ይታሰራሉ፦ ፓራላክስ የሚባለው የፍርሃት ፍጡር። ደብተሩን ይዘው የመጡ ሰው እዚህ ይደሰታሉ። ከ2016ቱ "ሪበርዝ" ጋር እንዳያምታቱት፤ ያኛው የዲሲ አጠቃላይ ስያሜ ነው።

የሲኔስትሮ ኮርፕስ ጦርነት (2007) በሁለት መጽሔቶች ይፈራረቃል። ልዩ እትሙን መጀመሪያ፣ ከዚያ የ2005ቱ ግሪን ላንተርን 21፣ የ2006ቱ ግሪን ላንተርን ኮርፕስ 14፣ ግሪን ላንተርን 22፣ ኮርፕስ 15 እያሉ አንድ አንድ ያስኪዱ። አንዱን መጽሔት ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ያልቃል።

በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ሥዕል በሥዕል የሚያሳየውን ዘዴ ያጥፉና ስልኩን አግድም ይዘው ሙሉ ገጽ ያንብቡ። በዚህ ዘመን በቀለበቱ የሚፈጠሩት አረንጓዴ ቅርጾች ሁለት ገጽ ላይ ይዘረጋሉ፤ ተቆራርጠው ከታዩ ምን እንደሆኑ አይለዩም።

7. ከ2011 ወዲህ

የ2011ዱን ግሪን ላንተርን ሲከፍቱ ቀለበቱ በሲኔስትሮ እጅ ነው፤ ስህተት አይደለም። እስከ ቁጥር 20 (2013) ይከተሉት። በ2011 የተጀመረው ጀስቲስ ሊግ ላይ ግን ሃል ከመሥራቾቹ ጋር አለ።

ከ2016 እስከ 2018 ሃልን የሚያገኙት "ሃል ጆርዳን ኤንድ ዘ ግሪን ላንተርን ኮርፕስ" (50 ቁጥር) ውስጥ ነው። "ግሪን ላንተርንስ" የሚለው፣ በብዙ ቁጥር የተጻፈው፣ የሳይመን ባዝና የጄሲካ ክሩዝ ነው፤ የ2016ቱ ጀስቲስ ሊግም እነሱን ይዞ ነው የሚሄደው። በ2018ቱ ሊግ ቀለበቱን ያደረገው ጆን ስቱዋርት ነው። ከዚያ በኋላ ሃልን ብቻውን ለመከተል በ2018 የተጀመረውን "ዘ ግሪን ላንተርን" ይያዙ፤ 12 ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ምዕራፍም 12። ቀጥሎ የ2023ቱን ቁጥር 1 ይክፈቱ።