የስኳር በሽታ ቁጥር ስታዩ እንዴት ታነቡታላችሁ?

«ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶው ስኳር አለበት» የሚል ዜና ስታዩ ቶሎ አትደንግጡ፤ ቶሎም አትናቁት። መጀመሪያ ማን እንደተቆጠረ እዩ።

ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን የሚቆጥረው ከ20 እስከ 79 ዓመት ያሉትን ነው። በእሱ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር ነበረባቸው፤ ከ9 ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ግን ለ2022 ብቻ 828 ሚሊዮን ብሏል። ማን ዋሸ? ማንም! ሁለተኛው ከ18 ዓመት ጀምሮ ቆጥሯል፤ በዚያ ላይ በጾም የሚለካው ስኳር ወይም ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ (ኤችቢኤዋንሲ) ከፍ ያለበትን ሁሉ ይዟል። በአንዱ ያመለጠ በሌላው ይያዛል።

መስፈርቱም አንድ ቦታ አይቆምም። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 «ስኳር አለበት» የሚያስብለውን የጾም ልኬት መነሻ ከ140 ወደ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር አወረደው። ስኳሩ 130 የነበረ ሰው ምንም ሳይሆን በአንድ ጊዜ ታማሚ ተባለ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ሰዎቹ ተጠየቁ ወይስ ደማቸው ተመረመረ? እንበል ከ1,000 ሰው 50ው «አዎ፣ አለብኝ» አሉ። 5 በመቶ። ከዚያ የሁሉም ደም ሲመረመር ሳያውቁት የኖሩ ሌላ 40 ሰዎች ተገኙ። 9 በመቶ ሆነ። በዓለም ደረጃም ስኳር ካለባቸው 10 ሰዎች ከ4 በላይ የሚሆኑት አያውቁትም። ስለዚህ ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ትንሽ ቁጥር ብታዩ «ተመስገን» ለማለት አትቸኩሉ።

ሁለት አገር ስታወዳድሩ በዕድሜ የተስተካከለውን አሃዝ ፈልጉ፤ የሁለቱም ሕዝብ የዕድሜ ስብጥር አንድ ቢሆን ተብሎ የተሰላውን ማለት ነው። አለበለዚያ አረጋውያን የበዙበት አገር በዕድሜ ምክንያት ብቻ የባሰ ሊመስል ይችላል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ሲጨምርም ሁሉም አዲስ ታማሚ አይደለም፤ ጥሩ ሕክምና ያገኘ ሰው ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር ከቆጠራው አይወጣም።

በሽታው ወደሚያስከትለው ሸክም፣ ወደ ሞቱና ወደ ወጪው ስትመጡ የሞት ቁጥርን በጥንቃቄ ያዙት፤ ስኳር ልብና ኩላሊትን ጎድቶ ሰው ሲሞት፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ልብ ወይም ኩላሊት ነው። ወጪም እንደዚያው። ሪፖርቱ የኢንሱሊንና የሆስፒታል ሂሳብ ይደምራል፤ አባቷን በሳምንት ሦስቴ ኩላሊት እጥበት ለማድረስ ሥራ የለቀቀች ልጅ ያጣችው ደመወዝ ግን ብዙ ጊዜ የለበትም።

እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ሌላ መስመር ነው፦ ስንቱ ይታከማል? ያ የ828 ሚሊዮኑ ጥናት ዕድሜያቸው 30ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ታማሚዎች 59 በመቶው መድኃኒት እንደማይወስዱ ይናገራል። የምታነቡት ሪፖርት ይህን ካልነገራችሁ ግማሹን ነው ያነበባችሁት።