ለመኪናዎ የሚሆን ዕቃ ከሌላ ብራንድ መኪና እንዴት ይፈለጋል?

የአዲሱን ቶዮታ ስታርሌት ዕቃ ጠይቀው ሻጩ «የለም» ካለዎት ቶሎ አይመለሱ። «የሱዙኪ ባሌኖስ አለህ?» ይበሉት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለአፍሪካ ገበያ የሚያቀርበው ስታርሌት፣ ሱዙኪ ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ባሌኖ ነው። ሞተሩም የሱዙኪ ነው። የተለየው አርማውና ፊቱ ላይ ያለ ጥቂት ነገር ነው።

በትንንሽ መኪኖች ይህ የተለመደ ነው። ትርፋቸው ትንሽ ነው፤ ወለሉን፣ የጎማ ማያያዣውን፣ መሪውንና ሞተሩን ከባዶ መንደፍ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ አንዱን ፕላትፎርም፣ ማለትም መኪናው የሚሠራበትን መሠረት፣ ይጋሩታል። እኛ ጋ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለንን ጠግኖ መንዳት ግድ ነው።

መጀመሪያ ሊብሬዎን አውጥተው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ያንብቡ። ለምሳሌ የቪትስዎ ሞተር ቁጥር በ1ኬአር ከጀመረ፣ ባለ 3 ሲሊንደር 1.0 ሊትር ሞተር ነው። ይሄ ሞተር ዘመዱ ብዙ ነው። ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኮሊን ከተማ ያለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቶዮታ አይጎን፣ ፔዦ 107ን እና ሲትሮየን ሲ1ን አብሮ ሲሠራ የተጠቀመው እሱን ነው። ዳይሃትሱ ሲሪዮን ላይም አለ። አውሮፓ ያለ ዘመድዎ የውሃ ፓምፕ ሊልክልዎ ከሆነ፣ ፍለጋው በቶዮታ ብቻ አይወሰን።

ቀጥሎ አሮጌውን ዕቃ አስፈትተው፣ ጠርገው፣ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ። ከአርማ ይልቅ ቁጥር ይታመናል። የፎልክስዋገን ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጎልፍ 5፣ የዚያው ዘመን አውዲ ኤ3፣ ስኮዳ ኦክታቪያና ሴአት ሊዮን ፕላትፎርማቸው አንድ ነው። ከአውዲው የወጣ ዕቃ ቁጥሩ በ1ኬ0 ከጀመረ፣ መነሻው ጎልፍ ነው ማለት ነው። በ8ፒ0 ከጀመረ ግን ለአውዲው ተብሎ የተሠራ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እንዳይዘሏት፤ ዕቃው የተሻሻለበትን ደረጃ ታሳያለች።

ፕላትፎርሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ይገጥማል ብለው ግን እንዳይገዙ። የፊት መብራት፣ ፓራውልትና ኮፈን አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። የሞተር ኮምፒውተርና ቁልፍ ከመኪናው ጋር በኮድ የተሳሰሩ ናቸው። ያገለገለ ኤርባግ ጭራሽ አይሞክሩ። በጣም የምሰጋው ግን ለፍሬን ነው። ራሱ ጎልፍ 5 እንኳ እንደ ሞተሩ ዓይነት 280፣ 288 ወይም 312 ሚሊሜትር የፊት ዲስክ ይኖረዋል። እዚህ ላይ ግምት አይሠራም፤ ያስለኩ።

ሶማሌ ተራም ይሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው የብሎን ቀዳዳውን፣ የሶኬቱን ፒን ብዛትና ውፍረቱን ያስተያዩ። ካልገጠመ እንደሚመለስ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ይክፈሉ።