የዲፈረንሻልህን ሬሾ ራስህ ቁጠረው

ድሬዳዋ ውስጥ ያገለገለ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ከዘንጉ ወደ ጎማዎቹ የሚያካፍለውን ዕቃ) ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ መጀመሪያ የሚልህ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ነው። መግጠሙንስ ይገጥም ይሆናል። ጭነህ ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት፣ ደንገጎን፣ ስትወጣ ግን ነገሩ ይለያል።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ኮሮና የሚባለው ትልቁ ጥርስና ፒኞን የሚባለው ትንሹ አሉ። የኮሮናውን ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ታካፍላለህ፣ ሬሾው ይኸው ነው፣ አለቀ። 41 ለ10 ከሆነ 4.10 ነው፤ 41 ለ11 ከሆነ 3.73 ገደማ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ትጠጋለች፣ ስለዚህ በዚያ ጥምዝምዝ ሲሚንቶ ጭኖ የሚመላለስ ሰው ከፍ ያለውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ፣ ሜዳውን ለሚጋልበው ግን ሞተር ማስጮህና ናፍታ መጨረስ ነው ትርፉ።

መኪናው ቶዮታ ከሆነ ኮፈኑን ክፈትና የሻሲ ቁጥሩ ያለባትን ትንሽ ቆርቆሮ ፈልግ፤ አንዳንዱ ላይ በሩ ምሰሶ ላይ ናት። ሬሾውን የሚነግርህ የአክስሉ ኮድ እዚያ አለ። ግን ከዚህ በፊት ዲፈረንሻል የተቀየረለት መኪና ከሆነ ቆርቆሮዋን አትመናት። እኛ አገር ደግሞ ያልተቀየረለት ስንቱ ነው?

ስለዚህ ቁጠር። ሜዳ ላይ አቁም፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያዝ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርግ። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና አክስሉን በጠንካራ ማቆሚያ ደግፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እንዳትገባ። የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ጎማው ላይና ከካምቢዮ በሚመጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አሁን ጎማውን 20 ጊዜ አዙር፣ ረዳትህ ዘንጉን ይቁጠር። ሌላኛው ጎማ መሬት ስለያዘ የተነሳው ጎማ ሁለቴ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው አንዴ ነው፤ 20 ዙር ለኮሮናው 10 ነው ማለት ነው። ዘንጉ 41 ከዞረ 4.10፣ 39 ከዞረ 3.9። ዲፈረንሻሉ ሎክ (ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስር) ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

የሐረር አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ውስጣቸው ሌላ ነው፣ እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ጥርስ ነው የሚሠሩት፤ ቢሆንም አቆጣጠሩ ያው ነው።

መኪናው አር ፒ ኤም (የሞተር ዙር ቆጣሪ) ካለው ክሪክም አያስፈልግህ፣ ሂሳቡ ግን ግምት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,000 ሜትር ነው። ጎማህ አንዴ ሲዞር 2.5 ሜትር ከሄደ በደቂቃ 400 ጊዜ ይዞራል። ካምቢዮው 1 ለ 1 በሚሆንበት (ሞተሩና ዘንጉ እኩል በሚዞሩበት) ማርሽ፣ ብዙ ባለ 5 ማርሽ የኋላ ጎማ ነጂዎች ላይ 4ኛው ነው፣ ሞተሩ 1,640 ካሳየ ለ400 አካፍል፦ 4.1።

ከ4.10 ወደ 3.73 ከቀየርክ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከካምቢዮው የሚነዳ ከሆነ፣ 60 እያለህ አንተ 66 እየሄድክ ነው። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብቻ መቀየር የለም፤ የፊቱና የኋላው ተለያይተው አስፋልት ላይ አራቱንም ካስገባህ አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም።