የጦር ፊልም አይታችሁ ሳትቀያየሙ እንዴት ትከራከራላችሁ?

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሜሪላንድ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ኢራቅ ስለዘመተው አሜሪካዊ አልሞ ተኳሽ ስለ ክሪስ ካይል የተሠራው «አሜሪካን ስናይፐር» አልቆ የሠሪዎቹ ስም ያለ ምንም ድምፅ ይወርዳል። ዝምታው ከበደኝና «ይሄ እኮ ንጹህ ፕሮፓጋንዳ ነው» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ጦር ጋር ሁለት ጊዜ ኢራቅ ዘምቷል። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰና «እኔንስ ምን ልትለኝ ነው?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። መልስ አጣሁ።

እኔ ያወራሁት ስለ ፊልሙ ነው። እሱ የሰማው ስለ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ደግሜ አየሁት፣ ስለ እሱ የተባለውንም ፈልጌ አነበብኩ። ብዙ ቤት ውስጥ የአሜሪካን መለዮ የለበሰ ልጅ ስላለን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ አሁን የምከተለውን መንገድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ሦስት ጥያቄ ለዩ። ሰውየው ምን ዓይነት ወታደር ነበር? ጦርነቱስ መደረግ ነበረበት? ፊልሙስ የሆነውን ነው ያሳየን? ጎበዝ ወታደር መደረግ በሌለበት ጦርነት ውስጥ ሊዋጋ ይችላል። ደግ ሰውም በፊልም ላይ ያላደረገውን ሲያደርግ ሊታይ ይችላል። ክርክር የሚበላሸው አንዱ ስለ ጦርነቱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ወታደሩ ሲመልስ ነው። በጥር 2015 የሆነውም ይሄው ነው። ፊልሙ በመላው አሜሪካ በወጣበት ሳምንት የዘጋቢ ፊልም ሠሪው ማይክል ሙር አጎቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአልሞ ተኳሽ እንደተገደለ ጠቅሶ አልሞ ተኳሾች ጀግና አይደሉም ብሎ ጻፈ። የፊልሙን ስም አልጠራም። ግን ማን ይሰማዋል? ፖለቲከኛውም የቀድሞ ወታደሩም ተነሳበት። በሚያዝያ ደግሞ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊርማ ሲያሰባስቡ ፊልሙን ከፕሮግራም አወጣ፤ ሌላው ወገን ሲጮህ መልሶ አስገባው። በዚህ ሁሉ መሃል ፊልሙ ውስጥ ስላለው ነገር በደንብ ያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የራሳችሁን ጆሮ እወቁ። ይሄን ለኛ ለሐበሾች ነው የምለው። በፉከራና በቀረርቶ «ገዳይ» ሙገሳ ነው። «አልሞ ተኳሽ» ሲባል ደረቱን የማይነፋ የለም። ስለዚህ ሙር ያለውን ስንሰማ ግር ይለናል፤ ክሪስ ካይል 160 ሰው መግደሉ በመዝገብ ተረጋግጧል ሲባል ደግሞ ልባችን ሞቅ ይላል። ያን ሙቀት ፊልሙ ብቻ አላመጣውም፣ ከቤታችን ይዘነው የገባነው ነው። ከመናገራችሁ በፊት ይሄን ለራሳችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አንድ ትዕይንት ምረጡና ቀስ ብላችሁ እዩት። እኔ የመረጥኩት መክፈቻውን ነው። ካይል ጣሪያ ላይ ተኝቶ በመነጽሩ ያያል። ከታች መንገዱ ላይ ሴትና ልጅ ይወጣሉ። ሴትዮዋ ከልብሷ ስር ቦምብ አውጥታ ለልጁ ትሰጠዋለች። ልጁ ወደ ወታደሮቹ ይሮጣል። ጣቱ ቃታው ላይ እያለ ፊልሙ ቁርጥ ይልና ልጅነቱ ውስጥ ይገባል፤ ከአባቱ ጋር አጋዘን ሲያድን። ከዚያ ስልጠናው፣ ሚስቱን የተዋወቀበት ቀን፣ ሠርጉ። ወደ ጣሪያው የሚመልሰን ብዙ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሰውየውን ወደነዋል። ልጁን ሲመታው፣ ቀጥሎም ሴትዮዋን ሲመታት፣ የምንጨነቀው ለእሱ ነው። የልጁን ስም እንኳ አናውቅም። የጀግና አሠራር ማለት ይሄ ነው፤ በንግግርና በባንዲራ ሳይሆን በቅደም ተከተል።

ከዚያ ፊልሙን ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ካይል በ2012 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ አለ። እዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ተኩስ የምትመታው ሴትዮዋ ብቻ ናት፣ ቦምብ የያዘ ልጅ የለም። በፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳድደው ሙስጠፋ የሚባል የጠላት ተኳሽም በመጽሐፉ የተነሳው ለአፍታ ነው፤ ካይል ራሱ አይቼው አላውቅም ይላል። በሌላ በኩል መጽሐፉ ላይ ጠላቶቹን አረመኔ ይላቸዋል፣ በመግደሉም አልጸጸትም ይላል። ፊልሙ ላይ ያለው ካይል ግን ይበልጥ የተጨነቀ፣ ይበልጥ ዝምተኛ ሰው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተጨመረውም የተቀነሰውም ሰውየውን ለመውደድ እንዲቀለን ነው። ፊልም ሠሪ ታሪክ የመለወጥ መብት አለው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ለሚሟገት ሰው ይሄን ማሳየት ከስድብ በላይ ይሠራል።

የተዘለለውንም ፈልጉ። ካይል የመስከረም 11ን ጥቃት በቴሌቪዥን ያያል፣ ትንሽ ቆይቶ ኢራቅ ነው። በመሃል ማንም ለምን ኢራቅ አይልም። ጥቃቱን ያጣራው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ ኢራቅና አልቃይዳ ለጥቃት አብረው መሥራታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይሄን የማያውቅ ልጅ ፊልሙን አይቶ ቢነሳ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉታል። ከልጆቻችሁ ጋር የምታዩ ከሆነ እዚህ ጋ አቁሙና ንገሯቸው። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው።

በሌሎች የጦር ፊልሞች ላይ ደግሞ ታንኩንና አውሮፕላኑን ማን እንዳዋሰ እዩ። መጨረሻ ላይ የምስጋናው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለፊልም ሠሪዎች መሣሪያ ይሰጣል፣ ከመስጠቱ በፊት ግን የፊልሙን ድርሰት ያነባል፣ ያልወደደው እንዲቀየር ይጠይቃል። በ1986 «ቶፕ ገን» የባህር ኃይሉን አውሮፕላኖችና መርከብ አግኝቶ ተሠራ። በዚያው ዓመት የወጣው «ፕላቱን» ግን ድጋፉን ተከልክሎ ፊሊፒንስ ሄዶ ነው የተቀረጸው። ሁለቱን አከታትላችሁ እዩና ወታደሩ በየትኛው እንደሚያምርበት ፍረዱ።

ለፊልሙም ፍትሐዊ ሁኑ። ዳይሬክተሩ ክሊንት ኢስትዉድ የኢራቅን ዘመቻ እንደማይደግፍ በግልጽ ተናግሯል፤ ጦርነት በቤተሰብና ከጦር ሜዳ በተመለሰ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ማሳየት ራሱ ጦርነትን መቃወም ነው ባይ ነው። ፊልሙ ውስጥም አለ። ካይል ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል፣ የተኩስና የጩኸት ድምፅ ይሰማል። ካሜራው ሲዞር ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ካይል የሞተውም ጦር ሜዳ አይደለም፤ በየካቲት 2013 ቴክሳስ ውስጥ፣ የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ሊረዳው ይዞት በሄደው የቀድሞ ወታደር እጅ ነው።

የዘመተ ሰው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ስንት ገደልክ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በጭራሽ። ጀግና ነህ ብላችሁም አታፍኑት፤ ያ ቃል ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ይዘጋል። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩና «ከፊልሙ የትኛው ልክ ነው? የትኛው ውሸት ነው?» አልኩት። ጥያቄው ስለ ፊልሙ ስለሆነ ስለ ራሱ የፈለገውን ያህል ብቻ መናገር ይችላል። «ሶፋው» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ውሸቱ ሰዎቹ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ኢራቃውያን ሻይ ያፈሉልኝ ነበር፤ አስተርጓሚያችን እንደ ወንድሜ ነበር። እዚህ ፊልም ላይ እነሱ የት አሉ?» አለኝ። ፕሮፓጋንዳ ስል ልናገር የፈለግኩትን እሱ ከእኔ በተሻለ ተናገረው።

ጊዜ ካላችሁ የኢስትዉድን የ2006 ሁለት ፊልሞች ጨምሩበት። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና ጃፓን ኢዎ ጂማ በምትባል የጃፓን ደሴት ላይ ስላደረጉት ውጊያ ናቸው። «ፍላግስ ኦፍ አወር ፋዘርስ» በ1945 ተራራው ላይ ባንዲራ ሲሰቅሉ ፎቶ ስለተነሱት ወታደሮች ነው፤ በሕይወት የተረፉት ሦስቱ የጦርነት ቦንድ ለማሸጥ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ያሳያል። «ሌተርስ ፍሮም ኢዎ ጂማ» ያንኑ ውጊያ ከጃፓኖቹ ወገን ሆኖ ያየዋል፣ በጃፓንኛ። ያኛው ጠላት ስም አለው፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሚስቱ ትናፍቀዋለች። የአክስቴ ልጅ አላያቸውም። የፊታችን እሁድ እኔ ቤት ነን፤ ከጃፓኑ እንጀምራለን።