የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ችግር፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን አልሠራ ሲል አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምንጠረጥረው ፓምፑን ነው። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከፓምፑ በፊት ወይም ከፓምፑ በኋላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የክፍሎቹን ስም ከመሸምደድ ይልቅ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ውሃው ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ፓምፑ ይገባል፤ ፓምፑ ገፍቶ ወደ ቦይለሩ ይሰደዋል፤ በቦይለሩ ውስጥ ሬዚስታንሱ ሲያሞቀው ቴርሞስታቱ ሙቀቱን ይቆጣጠራል፤ ከዚያም ግሩፕ ወደሚባለው የማሽኑ ራስ ወርዶ፣ ሻወር በሚሉት ባለ ቀዳዳ ክብ ብረት ተበትኖ፣ በእጀታው ወንፊት ላይ በተጠቀጠቀው ቡና ውስጥ አልፎ ስኒው ላይ ይደርሳል። በጎን በኩል ደግሞ ወተት የሚሞቅበት የእንፋሎት ቱቦ አለ።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። እጀታውን አውጥተው፣ ከግሩፑ ሥር ብርጭቆ አስቀምጠው ለ10 ሰከንድ ያህል ውሃ ብቻ ይልቀቁ። ውሃው ሞልቶና ከሻወሩ ዙሪያ እኩል ወርዶ ከታየ የማሽኑ ውስጠኛ ክፍል በአመዛኙ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በቡናው፣ በወንፊቱ ወይም በአጠቃጠቁ ላይ ነው። ውሃው ከቀጠነ ወይም ጨርሶ ካልመጣ ግን ወደ ውስጥ መመልከት ይገባል። ይህ ሙከራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ከብዙ አላስፈላጊ ወጪም ያድናል።

ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይመጣም

በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ውስጥ ያለው ፓምፕ በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ ትንሽ ፒስተን ያለችው ነው። የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ይህች ፒስተን በሰከንድ 50 ጊዜ ትመታለች፤ የምንሰማው የማያቋርጥ ድምፅም ከዚያ የሚመጣ ነው። ውሃ ሲደርሳት ድምፁ ይወፍራል፣ ይረጋጋልም። አየር ብቻ ሲያጋጥማት ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሰላልም። ጆሮዎ ይህን ልዩነት ከለየ የምርመራውን ግማሽ ጨርሰዋል ማለት ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ፓምፑ አየር መሳቡ ነው። ማጠራቀሚያው በቦታው በደንብ ካልተቀመጠም ከሥሩ ያለችው ትንሽ መክፈቻ አትከፈትም፤ ውሃ ሞልቶ ሳለ ውሃ የሌለ ይመስላል። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ማሽኔን ለጥገና ወስጄ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል ተብዬ በአዲስ ካስቀየርኩ በኋላ ችግሩ በሳምንቱ ተመለሰ። ማጠራቀሚያውን አንሥቼ ሥሩን ስመለከት የመክፈቻዋ ክብ ጎሚኒ ተጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። በጣት ተቃንታ ስትስተካከል ውሃው ወዲያው መጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠራቀሚያውን አውጥተው መልሰው ያስቀምጡ፤ ከዚያም የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፍተው፣ ማሽኑን በሙቅ ውሃ ማስወጫው ላይ አድርገው ፓምፑን ለጥቂት ሰከንዶች ያሠሩት። አየሩ ለመውጣት የሚቀልለው በዚህ በኩል ነው። ውሃ ካልመጣ አሳርፈው ይድገሙት እንጂ ፓምፑን ያለ ውሃ ረጅም ጊዜ አያስኪዱት፤ የሚያበርደው የሚያልፍበት ውሃ ነውና።

ከአሜሪካ ለቤተሰብ የመጣ ማሽን ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። የአሜሪካው ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሬዚስታንሱ ከታሰበለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚደርሰው ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ቢያደርግም ኸርዙን አይለውጥም፤ ፓምፑ በሰከንድ የሚመታው ቁጥር ይቀንሳል፣ ሽቦውም ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። እንዲህ ያለው ማሽን ውሃው ቢዘገይ ብልሽት ላይሆን ይችላል።

ቡናው ቶሎ ይፈሳል፣ ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል

ውሃው ያለ ቡና በደንብ ከወረደ እዚህ ላይ ማሽኑን መውቀስ አይገባም። ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ቡናው ሻካራ ከሆነ፣ ከመጠን ካነሰ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከተጠቀጠቀ ጣዕሙን ሳያወጣ ያልፋል። እንደ መነሻ የሚወሰደው ልክ 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ፈሳሽ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። የቡናውን መጠን ሳይለውጡ አፈጫጩን ጥቂት ጥቂት እያላሙ ሰዓቱን ይለኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንዳስተካከለው አያውቁም።

በማሽኑ ካርቶን ላይ የሚጻፈው 15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ነው፤ ለኤስፕሬሶ የሚፈለገው 9 ባር ገደማ ሲሆን፣ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ባላቸው ማሽኖች ትርፉ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ግፊቱን የሚፈጥረው ፓምፑ ብቻ አይደለም፤ ተከላክሎ የሚያቆመው ቡናም ነው።

የወንፊቱንም ሥር ይመልከቱ። ከውጭ በኩል አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብቻ ካለችው ግፊቱን የሚፈጥረው ወንፊቱ ራሱ ስለሆነ የአፈጫጭ ለውጥ ብዙም አይታይበትም፤ አረፋውም እውነተኛ ክሬማ፣ ማለትም ከቡናው ራሱ የሚወጣው ወርቃማ አረፋ፣ አይደለም።

እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ አንድ ነገር ያስነሣል። ጀበና ላይ የሚጣደውን ቡና ቆልተን ወዲያው እንጠጣዋለን፤ ያማረም ይሆናል። ለኤስፕሬሶ ግን ትኩስ የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ፣ ውሃው ሲገባበት ይነፋና ፍሰቱን ያዛባል። ለጥቂት ቀናት አሳርፎ መጠቀም ይሻላል።

ጠብ ጠብ ይላል ወይም ፈጽሞ አይወርድም

የላመ ቡና፣ ለምሳሌ ለጀበና ተብሎ በወፍጮ ቤት ዱቄት እስኪመስል የተፈጨ፣ ወንፊቱን እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። መፍትሄው አፈጫጩን ማሻከር ነው። ያለ ቡናም ውሃው ጠብ ጠብ ካለ ደግሞ ሻወሩን ይጠርጥሩ፤ መሐሉ ላይ ያለችውን ብሎን ፈትተው ሲያወርዱት ከጀርባው የጠቆረ የቡና ቅባት ያገኛሉ። በሙቅ ውሃና በማጽጃ ዘፍዝፈው በብሩሽ ይፈትጉት።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ቡናው አልወርድ ብሎ ፓምፑን ካጠፉ በኋላ እጀታውን ወዲያው አይፍቱ። ግፊቱን የሚያወጣ ባለ ሦስት መንገድ ሶሌኖይድ ቫልቭ የሌላቸው ማሽኖች ግፊቱን በእጀታው ውስጥ አምቀው ስለሚይዙ፣ ሲፈታ የፈላ ውሃና ቡና ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ፤ ልጆችንም ያርቁ።

በእጀታው ዙሪያ ያፈስሳል

ጥፋቱ የግሩፑ ጎሚኒ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን የቡና ደቃቅ በብሩሽ ያጽዱ፤ አንዳንዴ ይኸው ብቻ ይበቃል። ካልበቃ እጀታው የሚቆምበትን ቦታ ያስተውሉ። አዲስ ሳለ ፊት ለፊትዎ ላይ ሲደርስ ይጠብቅ የነበረው አሁን ወደ ቀኝ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ጎሚኒው ደርቆ ቀጥኗል ማለት ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ቀዝቅዞ፣ በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጠርዙን ቀስ ብለው ይፈልቅቁት። ያረጀው ጎሚኒ እንደ ላስቲክ አይሳብም፤ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ እያለ በቁርጥራጭ ይወጣል። ጎድጓዱን አጽድተው በውፍረቱ ትክክለኛ የሆነውን አዲስ ጎሚኒ እኩል ተጭነው ያስገቡ።

ሙቀቱ ልክ አይደለም

ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጎመዝዝ ቡና በአብዛኛው በችኮላ የሚመጣ ነው፤ መብራቱ ዝግጁ ነኝ ቢልም የግሩፑ ብረትና እጀታው ገና አልሞቁም። እጀታውን ገጥመው 15 ደቂቃ ያህል ያሙቁት። የተቃጠለ ጣዕም የሚመጣው በአንጻሩ ቦይለሩ አንድ ብቻ በሆነበት ማሽን ወተት አሙቀው ወዲያው ቡና ሲያወርዱ ነው፤ ለእንፋሎት የሞቀው ቦይለር ለቡና ከሚገባው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ጥቂት ውሃ አፍስሰው ያብርዱት።

አዲስ አበባ ላይ እጀታ ሳይገጠም ውሃ ሲለቀቅ እየተንፈቀፈቀና እንፋሎት እየተፋ መውረዱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በቦይለሩ ውስጥ በ95 ዲግሪ የነበረ ውሃ ወደ ውጭ ሲወጣ ወዲያው መፍላቱ የግድ ነው። በቡናው ውስጥ በግፊት ሲያልፍ ግን አይፈላም። ቴርሞስታቱን በዚህ ምክንያት አይቀይሩ።

እንፋሎቱ ደከመ

ወተት ካሞቁ በኋላ ቱቦው ካልተጠረገ ቀዳዳዎቹ በደረቀ ወተት ይደፈናሉ። በመርፌ ከፍተው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ወደፊትም ወተቱ እንዳለቀ አንዴ እንፋሎት ይልቀቁ። ከዚህ በኋላም ከደከመ ነጩ የውሃ ደለል ቦይለሩን ይዞታል።

ውሃው ኖራ በሚበዛበት አካባቢ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ወይም ለንደን፣ የሚኖር ሰው ይህን ነጭ ቅርፊት ከማንቆርቆሪያው ሥር ያውቀዋል፤ በማሽኑ ውስጥም ሬዚስታንሱን ይሸፍናል፣ ቱቦውን ያጠባል። የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው ግማሹን በግሩፑና በእንፋሎት ቱቦው አሳልፉና 20 ደቂቃ አቆይተው ቀሪውን ያስጨርሱት፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ማጠራቀሚያ ንጹሕ ውሃ ያሳልፉ። ቦይለሩ አሉሚኒየም ከሆነ ከተባለው ሰዓት አያስበልጡ። ለረጅም ጊዜ ሳይጸዳ የቆየ ማሽን ከዚህ እጥበት በኋላ ሳይበራ ከግሩፑ ውሃ ማንጠባጠብ ቢጀምር አይደንግጡ፤ የተላቀቀ ቅርፊት በሶሌኖይድ ቫልቩ አፍ ላይ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሃውን ደጋግመው ለቀቅና ዘጋ በማድረግ ያስወጡት፤ ካልወጣ ቫልቩ ተፈትቶ መጽዳት አለበት። ማሽኑ ሲሰካ የቤቱን ቆጣሪ የሚያጠፋ ከሆነ ግን በራስዎ አይሞክሩ፤ ሬዚስታንሱ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እያስተላለፈ ሊሆን ስለሚችል ነቅለው ለባለሙያ ይስጡት።